የአባት ጀርባ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! በሚሊኒየሙ ዓመት ነው፤ የቴፒውን እንድርያስን የገበሬዎች ማኅበሩ የቡና ቅምሻ እንዲማር ጃፓን ላከው። በሁለተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ አብሮት የሚማር ጃፓናዊ ወደ ሰፈሩ መታጠቢያ ቤት ወሰደው።

ወንዶቹ ሁሉ እርቃናቸውን ናቸው። ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ቦርጫሙ፤ ማንም ማንንም አያይም። መሀል ላይ ሰፊ የሙቅ ውኃ ገንዳ ይጨሳል። እንድርያስ ከልጅነቱ የሚያውቀው ወንዝ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ዘለህ ገብተህ እዚያው ሳሙናህን የምትመታበት ነው። ከነፓንቱ ዘሎ ገባና አረፋውን አስነሣው። ገንዳው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ቀስ ብለው ወጡ። አንድም ሰው አልተቆጣም፤ እሱን የገደለው ይሄ ነው!

አንድ ሽማግሌ እጁን ይዘው አወጡትና ግድግዳው ሥር ትንሽ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። በምልክት አስረዱት፤ መጀመሪያ እዚህ በሳሙና ትታጠባለህ፣ ገንዳው ውስጥ የምትገባው ለመሞቅ ብቻ ነው። እንደ አገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል፤ እንድርያስ ፓንቱን አወለቀ።

ወዲያው ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ሰው መጥቶ የሽማግሌውን ጀርባ ያሽ ጀመር። ልጃቸው ነው። ቀስ አድርጎ፣ ከአንገት እስከ ወገብ፣ ብብታቸው ሥር ሳይቀር። አባትና ልጅ እርቃናቸውን! እንድርያስ አፉን በእጁ ያዘ። እንዲህ ያለ ክብር አይቶ አያውቅም፤ እንባው ከሳሙናው ጋር ወረደ።

የራሱ አባት አቶ ሲሞን ግራ ጎናቸው ከሰነፈ ሦስት ዓመታቸው ነው። የሚያጥቧቸው ሚስታቸው የምሥራች ነበሩ፤ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ግን አቶ ሲሞን ከፊትና ከእግራቸው በቀር ገላቸውን ሰው አያስነኩም። ሽታዬ ሰው ያውካል ብለው ጸሎት ቤት መሄድ ትተዋል። እንድርያስ ላጥብዎ ባለ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነው፦ «የአባቱን ኀፍረት ያየው ካም ምን እንዳመጣ አላነበብህም?»

አገሩ በገባ በማግስቱ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ ውኃ አሞቀ። ከእንሰቱ ጀርባ ሁለት በርጩማ አስቀምጦ አባቱን ተሸክሞ አወጣቸው።

«ልጄ፣ ተው ብያለሁ!»

«አባዬ፣ እዚያ አገር ማንም ማንንም አያይም። ለምን ቢሉ፣ ሁሉም እርቃኑን ነው» አለና የራሱን ልብስ አወለቀ። ፓንቱንም ጭምር!

አቶ ሲሞን ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ሳቅ አመለጣቸው። «ኧረ ጎረቤት ሳያይህ! አንተ እብድ!» እየሳቁ እጃቸውን ወደ ሸሚዛቸው ቁልፍ ሰደዱ።

እንድርያስ እንዳየው አደረገ፤ ቀስ አድርጎ፣ ከአንገት እስከ ወገብ። ሲጨርስ አባቱ በደህናው እጃቸው ሳሙናውን ቀሙት።

«ዙር።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«ዙር አልኩህ! አንተ ከልጅነትህም ጀርባህን አጥበኸው አታውቅም።»

የአባቱ እጅ ጀርባው ላይ ሲያርፍ እንድርያስ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«እሑድ» አሉ አባቱ እያሹት፣ «ነጩን ሸሚዜን ታወጣልኛለህ። ጸሎት ቤት እሄዳለሁ።»