ፊት ላድርገው ኋላ?

ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ያገኘ ሰው የት ያስራቸው? ፊት ነው ኋላ? ፌኔት ይህን ጥያቄ የተጠየቀችው ባለፈው ሐምሌ ነበር፤ ዓመቱ ዞሮ ሰኔ ሲመጣም መልሱን አልሰጠችም። አሁን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሳሪስ ከሙሀመድሰዒድ ጎማ መሸጫ በር ላይ ቆማለች። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠባል። አባቷ አቶ ቡልቻ አራት ጎማ መሬት ላይ አስደርድረው፣ በሬ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያቸውን ይዞራሉ፤ ጎንበስ ብለው ጥርሳቸውን ያያሉ፣ በጫማቸው ጫፍ ጎናቸውን መታ ያደርጋሉ።

ነጯ ኤስዩቪ የእግረኛ መንገዱን ግማሽ ይዛ ቆማለች። የኤሌክትሪክ ናት፤ ነዳጅ አትጠጣም፣ ድምፅ የላትም፣ ባትሪዋን ከወለሏ ስር እንደ ምንጣፍ አንጥፋ ትሄዳለች። አቶ ቡልቻ የገዟት ቂሊንጦ የነበረው የጤፍ ማሳቸው ወደ ከተማ ሲገባ ባገኙት ካሳ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራ ትመለሳለች። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አምስት የፋብሪካ ሠራተኞች ከአቃቂ ይዛ፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ያለውን ቁልቁለት ወርዳ፣ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ታወርዳለች። የሚነዷት አቶ ቡልቻ ራሳቸው ናቸው። የቀድሞው ሾፌር ልጃቸው ሞቲ ነበር፤ ባለፈው ሐምሌ በዚያው ቁልቁለት፣ በዝናብ፣ መኪናዋ ዞራበት እግሩ ከተሰበረ ወዲህ መሪ አልነካም። መኪናዋ ተጠግናለች። ጋራዡ ለጊዜው ካሰረላት አራት አሮጌ ጎማ ውስጥ ግን ሁለቱ ራሰ በራ ሆነዋል፤ ሁለቱ ገና ግማሽ ጥርስ አላቸው።

«ጋሽ ቡልቻ፣ አይጨነቁ» አለ ሙሀመድሰዒድ፣ አንዱን ጎማ በመዳፉ እየመታ። የወሎ ሰው ነው፤ ጎማ ሲሸጥ ሃያ ዓመት አልፎታል። «እነዚህ የበረዶ ናቸው። ከአውሮፓ ነው የመጡት። ይህን ጥርስ አዩት? በረዶ ላይ የቆመ ጎማ የቂሊንጦ ጭቃ ምን ይለዋል?»

«አራት መሆናቸው ነው ደስ ያለኝ» አሉ አቶ ቡልቻ። «ሁለት አዲስ ሁለት አሮጌ አድርጎ መውጣት፣ በአንድ እግር ቦት ጫማ በሌላው ነጠላ ጫማ እንደ መሄድ ነው። አይደለም እንዴ ፌኒ?»

ፌኔት ቁጢጥ ብላ አውራ ጣቷን ጎማው ላይ ጫነች። ጥፍሯ ገባ። ትንንሾቹ ጥርሶች በጣቷ ስር እንደ ልጅ የሚነቃነቅ ጥርስ ወዲያና ወዲህ አሉ። ይህን ጎማ ታውቀዋለች። ቻይና፣ ሀርቢን ከተማ ስድስት ዓመት የተማረችው ይህንኑ ነው፤ ላስቲክ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን፣ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን። ከዜሮ በታች ሠላሳ በሚደርስበት ከተማ ውስጥ፣ ሌላው ጎማ እንደ እንጨት ሲደርቅ ይሄኛው ለስላሳ ሆኖ በረዶውን ሲነክስ አይታለች። ሚያዝያ ሲገባ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ተሰልፎ ሲያስፈታው አይታለች።

«ጥሩ ጎማ ነው» አለች ተነስታ። «ለሌላ አገር።»

«አላህን ፍሪ እንጂ!» ሙሀመድሰዒድ ሳቀ። «በረዶ ቤት ተምረሽ መጥተሽ የበረዶ ጎማ ትጠያለሽ? የተማርሽው እኮ እሱን ነው!»

«እሱን ስለተማርኩ ነው። ጭቃው ከዋናው መንገድ እስከ ፋብሪካው በር ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው፤ የቀረው አስፋልት ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ፣ በእኛ አየር፣ ይሄ ማስቲካ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጥርሱ ይተኛል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። ደግሞ እሷን እያት አባዬ።» ወደ ነጯ መኪና ዞረች። «ባትሪዋ ብቻ አምስት ኩንታል ነው። ሰው ሳይገባባት አምስት ኩንታል ጤፍ ጭና ነው የምትውለው። እዚህ ጎኑ ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥር አይበቃትም።»

አቶ ቡልቻ ኩንታል ሲባል ፊታቸው ተለወጠ። አምስት ኩንታል ምን ማለት እንደሆነ ትከሻቸው ያውቀዋል።

«የበጋ የሚሉት፣ የበረዶ ያልሆነው አለ?» አለች ፌኔት። «እንደ እሷ ለከበደች መኪና የተሠራ፣ ሰፋፊ የውሃ መውረጃ ያለው?»

ሙሀመድሰዒድ ጢሙን ደባበሰ። «አለ። ግን ሁለት ነው። ሌላው መቼ እንደሚገባ ወላሂ አላውቅም። ሳሪስን ሙሉ ብትዞሪ ሦስተኛውን አታገኚም።»

«ሁለቱን እንወስዳለን።»

«ባለሱቁ አራት ይዤ ልሽጥ ሲል፣ ደንበኛ ሁለት ይበቃኛል ብሎ ሲከራከረው ዛሬ ነው ያየሁት» አለ ሙሀመድሰዒድ፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ ሲገባ ፈገግ እያለ ነበር። አቶ ቡልቻ ልጃቸውን አንዴ፣ የበረዶውን ጎማ አንዴ አዩና፣ ከጎማው ላይ እግራቸውን አነሱ።

ጎሚስታዋ የሙሀመድሰዒድ እህት ዙለይኻ ናት። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ሻርፗን ወደ ኋላ አጥብቃ ያሰረች፣ ክንዷ እንደ ወንድ ክንድ የጠነከረ ሴት። ክሪኩን እየጎተተች ከመኪናዋ ፊት ደረሰች።

«ፊት ነው አይደል?» አለች፤ መልስ የምትጠብቅ አትመስልም። አዲስ ጎማ መጀመሪያ መሪው ወዳለበት እግር እንደሚሄድ እዚህ ሰፈር የሚጠራጠር የለም። የጭነት መኪና ነጂም ሆነ ሚኒባስ ነጂ፣ ሁሉም የሚያምነው ፊቱን ነው።

ፌኔት ክሪኩን በእጇ ያዝ አደረገችው።

ዙለይኻ ክሪኩን ትታ ቀና አለች። መኪናዋን አየች፣ አቶ ቡልቻን አየች፣ ከዚያ ልጅቷን።

«አንቺ ነሽ እንዴ ቻይና የነበርሽው? የሞቲ እህት?»

«አዎ።»

«በስልክ ስትጽፊለት የነበርሽው?»

ፌኔት ኪሷ ውስጥ ያለውን ስልክ ዳሰሰች።

«ያን ቀን እዚሁ ነበርን» አለች ዙለይኻ። በድምፅዋ ውስጥ ወቀሳ የለም፤ የሆነውን ብቻ ትናገራለች። «ሁለት ጎማ ገዝቶ፣ መኪናዋን ከፍ አድርጌለት፣ ስልኩን ይዞ ቆመ። 'እህቴ ታውቃለች፣ ቆይ፣ እየጻፈች ነው' ይለኛል። እየጻፈች ነው ይላል፣ ይጠፋል። እንደገና እየጻፈች ነው ይላል፣ ይጠፋል። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። 'ዶክትሬቷን እየጻፈች ነው እንዴ?' ብዬ ሁሉ ቀለድኩበት። ዝናብ መጣ። 'በቃ እንደ ልማዳችን' አለኝ፤ ፊት አሰርኩለት።» ጓንቷን አወለቀች። «እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

አንድ ባጃጅ ኩሬውን ረግጦ አለፈ።

ፌኔት ያን ግማሽ ሰዓት በሌላኛው ጫፍ ታስታውሰዋለች። ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበረች። መጽሐፉ የሚለውን ታውቃለች፤ አዲሱ ኋላ። 'ኋላ' ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። መጽሐፉን የጻፉት በበረዶ ላይ የሚነዱ ሰዎች ናቸው። ስድስት ዓመት ርቃ ስለ ቂሊንጦ ጭቃና ጉድጓድ ምን ታውቃለች? 'እንደ መንገዱ ይለያያል' ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። ነገ አጣርቼ ደህና አድርጌ እመልስለታለሁ ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተች። በሦስተኛው ቀን አባቷ ደወሉ። ታኅሣሥ ላይ ጓዟን ጠቅልላ ስትመለስ ሞቲ በምርኩዝ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላት፤ ስለ ሁሉ ነገር ጠየቃት፣ ስለዚያ መልእክት ግን አንድም ቃል አልተናገረም። እሷም አላነሳችም። መንገዱን ግን ስትመረምር ሰነበተች፤ ጭቃውን በእግሯ ሄዳበታለች፣ ቁልቁለቱን በሚኒባስ ወርዳዋለች። መልሱ ያው ነው። አፏ ላይ የሚያመጣላት ነገር ነው የጠፋው።

«አባዬ» አለች። «ቂሊንጦ እያለን በጋሪ ጤፍ ታወርድ ነበር። በዝናብ ቁልቁለት ስትወርድ ምኑን ነበር የምትፈራው?»

አቶ ቡልቻ ጥያቄው ከየት እንደመጣ አልገባቸውም፤ ቢሆንም ስለ ጋሪ ለመናገር ሌላ ምክንያት አያስፈልጋቸውም።

«ፈረሱ ቢያዳልጠውማ ምን አለ?» አሉ። «ይንበረከካል፣ ጋሪው ይቆማል፣ ወርደሽ ታነሺዋለሽ። የሚፈራው ኋላው ነው። ጭነቱ በኋላ በኩል አንዴ ማዳለጥ ከጀመረ ጋሪው ዞሮ ፈረሱን ይቀድመዋል። ከዚያ ወዲያ ልጓም ብትይዢ ባትይዢ…»

 ዓይናቸው ቀስ ብሎ ከጋሪው ትዝታ ወደ ነጯ መኪና የኋላ እግር ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

«ኋላ እሰሪው» አለች ፌኔት።

ዙለይኻ አየቻት። «እርግጠኛ ነሽ? ፊት አሮጌው ቢያዳልጥሽስ?»

«ፊት ቢያዳልጠኝ አየዋለሁ፤ መሪው ይቀለኛል፣ ፍጥነት እቀንሳለሁ። ኋላ ካዳለጠ የሚያዝ ነገር የለም። ግማሽ ጥርስ ያላቸው ፊት ይሁኑ፣ አዲሶቹ ኋላ። ለሌላም ሰው ስታስሪ ኋላ።» ድምፅዋ ለራሷም አዲስ ሆነባት። «ደግሞ ክሪኩን እዚያ ጋ አይደለም፤ ባትሪው ነው፣ ትበሺዋለሽ። ከጎን በኩል፣ ይቺ ምልክት ያለችበት።»

«እሺ ኢንጂነር» አለች ዙለይኻ። ክሪኩን ወደ ኋላ ጎተተችው፤ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ፣ ከሌላው ጊዜ በበለጠ ጥንቃቄ አጠበቀች። ስትጨርስ ጎማውን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «አብሽሪ» አለች፤ ለመኪናዋ ይሁን ለፌኔት አልታወቀም።

መሪውን ፌኔት ያዘች። አባቷ አልተከራከሩም፤ ጎኗ ተቀምጠው ቀበቶአቸውን አሰሩ። ወደ አቃቂ በቀጥታ አልታጠፈችም። ቱሉ ዲምቱ ደርሳ፣ ወደ ቂሊንጦ የሚወርደውን ቁልቁለት ያዘች። ዝናቡ መስታወቱን ይደበድባል፤ ውሃው በአስፋልቱ ላይ እንደ ቀጭን ጨርቅ ይወርዳል። ሞቲ የዞረበት ቦታ ላይ የመንገዱ ዳር ብረት አሁንም ተጣሞ ቆሟል። በመስታወት ኋላዋን አየች፤ ማንም የለም። ፍጥነት ጨመረች፤ ከዚያ ፍሬኑን ረገጠችው።

መኪናዋ አፍንጫዋን ደፋ አደረገች። ፊቷ ትንሽ ተንሸራተተ፤ ኋላዋ ግን እንደ ችካል መሬቱን ያዘ። ቀጥ ብላ ቆመች።

አቶ ቡልቻ ዳሽቦርዱን የጨበጡበትን እጃቸውን ለቀቁ።

«ያዘች» አሉ።

«ሰኞ እንዲህ አትነዳም አባዬ። ቀስ ብለህ ነው።»

«እኔ ጋሪ ነጂ ነኝ» አሉ፤ ወደ መስኮቱ ዞረውም ፈገግ አሉ።

አቃቂ ቤታቸው ሲደርሱ ዝናቡ ጋብ ብሏል። ሞቲ በረንዳው ላይ ነበር፤ ምርኩዙ ግድግዳ ተደግፏል። ፌኔት መኪናዋን አዙራ ኋላዋን ወደ በረንዳው ሰጥታ አቆመች። አባቷ ወርደው ልጃቸውን ትከሻውን ነካ አድርገው ወደ ውስጥ ገቡ። እሷ ከመሪው አልተነሳችም።

ስልኳን አወጣች። ከወንድሟ ጋር የተጻጻፈችውን ወደ ላይ ገፋችው፤ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክቶች አለፉ፣ 'አውሮፕላን ማረፊያ ደረስሽ?' አለፈ፣ የሆስፒታሉ ፎቶ አለፈ። ባለፈው ሐምሌ ላይ ቆመች። በዝናብ የራሱ ሁለት ጎማዎች ፎቶ። ከሥሩ፦ «ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት። ፊት ላድርገው ኋላ? አንቺ ታውቂያለሽ።»

እሱን ነክታ መልስ ጻፈችበት። «ኋላ።» ጣቷ ሊያጠፋው አልሞከረም። ከሥሩ ጨመረች፦ «ያን ጊዜም አውቀው ነበር።» ላከችው።

በረንዳው ላይ የሞቲ ኪስ ድምፅ አሰማ። ስልኩን አውጥቶ አነበበ። ረጅም ጊዜ አነበበ፣ አምስት ቃል የሚፈጅ ያህል ሳይሆን ዓመት የሚፈጅ ያህል። ከዚያ ዓይኑን አነሳ፤ ወደ እሷ አልነበረም፣ ወደ ጎማው ነበር። ምርኩዙን ይዞ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ወረደ፤ መኪናዋ ኋላ ደረሰ፣ ጎንበስ ብሎ አውራ ጣቱን ጎማው ላይ ጫነ። ሲጫን ፌኔት በጎን መስታወት ታየዋለች። ቀና አለ፤ በአንድ እጁ ስልኩን ያዘ።

ከስክሪኗ አናት ላይ ብቅ አለ፦ እየጻፈ ነው።

 ጠፋ። እንደገና፦ እየጻፈ ነው። ጣራው ላይ የመጀመሪያው ጠብታ አረፈ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ጠፋ።

መልእክቷ ተነብቧል፤ ከሥሩ ግን ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ሞቲ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ዝናቡ ትከሻውን እያራሰው፣ ከኋላው ጎማ አጠገብ እንደ ቆመ ቀረ።