ወፍጮው እስኪቆም

ውቢት መጥታ ከደጄ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ የተቀመጠች ቀን ማንም ልብ አላላትም። በማግስቱ ደግማ ስትቀመጥ ግን ሰፈሩ ነቃ። እኛ ሰፈር ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። የተቀመጠ ሰው ወይ ይሸጣል፣ ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ሰው ያማል። ውቢት አትሸጥም፤ የሚፈጭ እህል አላመጣች፤ ለማማትም ከጎኗ ሰው የለ። ፊት ለፊቷ ያለውን ወፍጮ ቤት ብቻ ታያለች። ያሳሰበን እሱ ነው።

እኔ ቦምቦሊኖ ጠባሽ ስለሆንኩ ከደጄ ላይ አልነቃነቅም። እኔንና ወፍጮ ቤቱን የምትለየን ባጃጅ እየተንገዳገደ የሚያልፍባት የጭቃ መንገድ ናት። ስለዚህ ባልፈልግም ማየቴ አይቀርም። ማየት ደግሞ ፈልጌያለሁ።

ልጅቱ የሰፈራችን ልጅ ናት። አረብ አገር ሄዳ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትሠራ ቆይታ፣ ክረምት ሊገባ ሲል ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰች። እንደ ሌሎቹ ሱቅ አልከፈተች፣ ባጃጅ አልገዛች። ከአለምነው፣ ከወፍጮው ባለቤት ጋር ጥግ ይዘው ሲነጋገሩ ታዩ፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተገኘች።

ግምቱ ብዙ ነበር። ግብር ሊያስጨምሩበት ነው የላኳት ያለ አለ። በአረብ አገር ብር ወፍጮውን ልትገዛው እያጠናችው ነው ያለም አለ። ብርቱካን፣ ከእኔ ቤት በታች ያለችው ጎረቤቴ፣ "ብትጽፍ እኮ ደህና ነበር" አለችኝ። "የሚጽፍ ሰው ያየውን ወረቀቱ ላይ ይተወዋል። ይቺ ግን ሁሉንም ሆዷ ውስጥ ነው የምትከተው።" እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ በጽሕፈት ነገር ብዙ አልከራከርም፤ ግን እውነቷን መሰለኝ።

ከሁሉም የባሰበት ፋንታው ነው። ፋንታው ወፍጮኛው ነው። ወፍጮው ሲተከል አብሮ የተተከለ ይመስል ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። ቅንድቡ ዓመቱን ሙሉ ነጭ ነው፤ እሑድ ታጥቦ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ካላወቅነው አይፈረድብንም። አንድ ቀን ሰልፉ ቀለል ሲል ሻይ ሊጠጣ ተሻገረ። ውቢት ምሳዋን ልትበላ ሄዳለች፤ ድንጋዩ ባዶ ነው። ድንጋዩን ግን ያየው ነበር።

"ትእዛዝ፣ ይቺ ልጅ ምን ትፈልጋለች?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ? የምታየው አንተን ነው።"

"እሱን መች አጣሁት!" ድምፁን ቀነሰ። "አለምነው ነው ያስቀመጣት። ዱቄት ትሰርቃለህ ሊለኝ ምስክር እያዘጋጀብኝ ነው።"

"ትሰርቃለህ እንዴ?"

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "አንቺም?"

"ኧረ ስቀልድ ነው፣ ጠጣ።"

ጠጣ፤ ግን አልሳቀም።

እዚህ ላይ ስለ እርጋፊ መናገር አለብኝ። እህል ተፈጭቶ ሲያልቅ ወፍጮው ሆድ ውስጥ ትንሽ ዱቄት ትቀራለች። እርጋፊ የምንላት እሷን ነው። ካልወጣች ከሚቀጥለው ሰው ዱቄት ጋር ትሄዳለች፤ ወይም፣ ብዙዎቻችን በልባችን እንደምንለው፣ ማታ ሰው ሲበተን ወፍጮኛው ጠርጎ ቤቱ ይወስዳታል። ስለዚህ ማንኛችንም "ይራገፍልኝ" ሳንል አንሄድም። ፋንታውም ከታች ያለችውን ትንሽ የእንጨት መዝጊያ ከፍቶ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ከትቶ ይጠርግና መዳፉን ዘርግቶ ያሳያል። እኛም አንገታችንን አስግገን እናያለን።

ይህ ሁሉ ሲሆን ወፍጮው ይዞራል። ሞተሩ ከጠፋ የወፍጮው ድንጋይ እስኪቆም፣ ቆሞም እስኪነሳ ጊዜ ይፈጃል፤ ሰልፈኛው ይጮኻል፤ መብራቱም መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ከመዝጊያዋ አጠገብ ደግሞ ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያገናኘው ቺንጋ ዓይን እስኪያጭበረብር ይሮጣል። የቆርቆሮ ክዳን ነበረው። አንድ ጊዜ ቺንጋ ሲቀየር ወለቀና ጓሮ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአለምነው ዶሮዎች ዝናብ ሲመጣ ይጠለሉበታል።

ነገር ተድበስብሶ ሲቀመጥ አልወድም። አንድ ትኩስ ቦምቦሊኖ በወረቀት ጠቅልዬ ወደ ውቢት ድንጋይ ሄድኩ።

"እንኪ፣ ውቢትዬ። ብርዱ አልጎዳሽም?"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ ትእዛዝ። ለመድኩት።"

"ምንድን ነው እንዲህ ቀኑን ሙሉ የሚታየው?"

"ሥራውን ነው የማየው።"

"ሥራው እንደሆነ የትም አይሄድብሽ። ከልጅነትሽ ጀምሮ እዚያው ነው።"

ሳቅ አለች። ከዚያ እሷ ጠየቀችኝ። "እትዬ፣ ጋሼ ፋንታው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲከቱ ሰዎቹ ለምን ይነሳሉ? እህሉ ሲፈጭ ተቀምጠው ያወራሉ። እዚያ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ብድግ ነው።"

ቦምቦሊኖዬ በከንቱ ሄደ። ልጠይቅ ሄጄ ተጠይቄ ልመለስ! "እንጃ፣ እግራቸው ደንዝዞ ይሆናል" ብዬ ወደ ዘይቴ ሮጥኩ።

ለፋንታው ነገርኩት። ጎረቤት ታዲያ ለመቼ ነው?

"የምታየው እጅህን ነው" አልኩት።

"አላልኩሽም!" ጉልበቱን መታ። "እጄ ላይ የሰው ዱቄት ስትፈልግ ነው። ልጆቼን ያሳደግሁበትን እንጀራ በዘዴ ሊነጥቁኝ! ቅዳሜ አለምነው መምጣቱ አይቀርም። ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ፣ ብናኝ ሳላስቀር ጠርጌ፣ ዓይኑ ሥር ነው የምዘረጋለት። ከዚያ ምን እንደሚል አያለሁ።"

ቅዳሜ ገበያ ነው። ከገሳይ በኩል ሳይቀር ሰው መጥቶ፣ ማዳበሪያው ከወፍጮ ቤቱ በር እስከ መንገዱ ተደርድሯል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ፋንታው እጅጌው ሰፊ የሆነ አሮጌ ካፖርቱን ደርቦ ይሠራል። ረፋዱ ላይ አለምነው መጣ። መምጣቱስ ይሁን፤ ውቢት ከድንጋይዋ ተነስታ ተከትላው ገባች። ገብታም ማብሪያ ማጥፊያው ካለበት ግድግዳ ሥር ቆመች።

ምድጃዬን ቀንሼ ተሻገርኩ። እንዲህ ያለው ነገር ከሩቅ አይታይም።

"አየሽ፣ ልታጠፋበት ነው" አለችኝ ብርቱካን በጆሮዬ። "አጥፍተው ኪሱን ሊፈትሹት ነው።"

"ዝም በይ፣ ይሰሙሻል።"

ተራው የብርቱካን ጤፍ ነበር። ተፈጭቶ ሲያልቅ "ጋሼ ፋንታው፣ ያራግፉልኝ እንጂ፤ የባለፈው ጎድሎብኛል" አለች። ሁልጊዜም የምትለው ነው። ሁላችንም ብድግ አልን።

ፋንታው መዝጊያዋን ከፈተ። ክንዱን ከተተ፤ እስከ ክርኑ፣ ከክርኑም አልፎ። ፊቱን ግን ወደ እጁ አላዞረም። የሚያየው አለምነውን ነው።

"ይኸው እይ!" አለው። "በደንብ እይ! ምን እንደምሰርቅህ—"

ቺንጋው እጅጌውን ያዘው።

መጀመሪያ የሰማሁት የጨርቅ መቀደድ ነው። ውቢት ማጥፊያውን መታችው። ሞተሩ ዝም አለ፤ ወፍጮው ግን በያዘው ኃይል ይዞራል፣ ፋንታውንም ወደ ራሱ ይስበዋል። ፋንታው እግሩን ግድግዳ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ አለምነው ወገቡን አቅፎ ጎተተው። ካፖርቱ ከትከሻው ተገነጠለና ሁለቱም ማዳበሪያ ላይ ተዘረሩ። እጅጌው ቺንጋው ላይ ተጠምጥሞ ጥቂት ዞረና ቆመ።

ክንዱ ግን ከፋንታው ጋር ቀረ። ከክርኑ በታች ቆዳው ተልጦ ደም ያዣል፤ ጣቶቹ ግን ሲያዛቸው አንድ በአንድ ተንቀሳቀሱ።



"ዱቄቴ ውስጥ ጨርቅ ገባ እንዴ?" አለች ብርቱካን።

ሁሉም ዞሮ አያት። እኔም አብሬ አየኋት፤ ግን ጤፉ የእኔ ቢሆን ኖሮ ቀድሜያት እጠይቅ ነበር።

ፋንታው ከወደቀበት ሳይነሳ "በቃ አባረኝ፣ አለምነው" አለ። "ሰላይ ማስቀመጥ ምን ያደርጋል? ፊት ለፊት ንገረኝ።"

"ማን ነው የሚያባርርህ? ማንን ላመጣ?" አለ አለምነው። "ዘመድ ልጠይቅ ሐሙሲት ሄጄ አንድ ክንድ የሌለው ወፍጮኛ አየሁ። እንቅልፍ አጣሁ። ይቺን ልጅ አሠራሩን እዪልኝ አልኳት፤ እዚያ አገር ተምራዋለች።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ትናንት የተወለደች ልጅ ልታስተምረኝ ነው ብለህ ታኮርፋለህ።"

ፋንታው አሰበበት። "እሱስ አኮርፍ ነበር" አለ።

ውቢት ክንዱን በሻሿ እያሰረች ነው። "ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ጋሼ። ከሁሉ በፊት አንቱን መጠየቅ ነበረብኝ። ዝም ብለሽ እዪ ሲሉኝ ዝም አልኩ። ዛሬ ሰው በዝቶ ሳይ፣ ማጥፊያው ደግሞ ከአንቱ ሩቅ ስለሆነ፣ ከአጠገቡ ልቁም ብዬ ነው የገባሁት።" ቋጠሮውን አጠበቀች። "እዚያ ሆቴሉ ውስጥ አንዲት ልጅ እጇን መተኮሻው ያዛት። ከዚያ በኋላ ሥራ ስንጀምር ቆራርሰን እናየው ነበር። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ቀጥሎስ? እዚያ ላይ ምን ሊይዝሽ ይችላል? ያንን ብትተዪውስ ሥራው ይቀራል? እስቲ አሁን አንቱ ይንገሩኝ።"

ፋንታው ካፖርቱን አየ፣ እሷን አየ። የሚያላግጡበት መስሎት እንደሆነ ያስታውቃል። ግን ነገራት።

"እህሉን አንስቼ አፈሳለሁ።"

"እዚያ ላይ ምን ይጎዳዎታል?"

"ወገቤ።"

"እሺ። ቀጥሎ?"

"የዱቄቱን መላም ከመውጫው ላይ በጣቴ አያለሁ። እዚያ ምንም የለም። ከዚያ ሲያልቅ እጄን ከትቼ አራግፋለሁ።"

"ባያራግፉ ወፍጮው ይበላሻል?"

"አይበላሽም።"

"ዱቄቱስ?"

"ምን ሆኖ ይበላሻል?"

"ታዲያ ለምን ይከታሉ?"

 ፋንታው በደህና እጁ ወደ እኛ ጠቆመ። "እነዚህን ጠይቂያቸው።"

ብርቱካን የማዳበሪያዋን አፍ ማሰር ጀመረች። እኔም ዘይቴ ትዝ አለኝ።

በዚህ ሁሉ ነገር ከቦታቸው የተባረሩት ዶሮዎቹ ብቻ ናቸው። ክዳኑ ታጥቦ ቺንጋው ላይ ተመለሰ። ማጥፊያው ፋንታው እጁን ሲዘረጋ በሚያገኘው ቦታ ተተከለ፤ ካፖርቱም ቀርቶ ጠባብ ሹራብ ለበሰ። ያስቸገረው እርጋፊው ነው። አለምነው መጀመሪያ "ማታ አንዴ ይጠረግና የመጨረሻው ሰው ይውሰደው" ብሎ ነበር። በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ባዶውን ዋለ። ሁላችንም ማዳበሪያችንን አስረን፣ በየበራችን ቆመን፣ ማን ቀድሞ እንደሚገባ እንጠባበቃለን። ጀምበር ስታዘቀዝቅ በአንዴ ጎረፍን። ውቢት ይህንን አይታ ራሷን ይዛ ቀረች። ስለዚህ ሌላ ሕግ ወጣ፦ የፈለገ ይራገፍለታል፤ ነገር ግን ሞተሩ ጠፍቶ፣ ድንጋዩ ጨርሶ ከቆመ በኋላ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ዳጉሳና ጤፍ ቀላቅዬ ይዤ ነበር። ተፈጭቶ አለቀ። ፋንታው ማጥፊያው ላይ እጁን አድርጎ አየኝ።

"ትእዛዝ፣ ይራገፍልሽ?"

በሹራቡ ሥር ፋሻው ጎልቶ ይታያል። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሰማዩም ጠቁሯል፣ መብራቱን ይዞት ሊሄድ ነው።

"ይቅር፣ ተወው" አልኩት።



"ለምን ይቀራል?" አለች ብርቱካን። "እናንተ ደግሞ ምን ተስማምታችሁ ነው?"

"ሻይ የሚጠጣው እኮ እሷ ቤት ነው" አለ አንዱ ከኋላ።

"ለካ!"

"ኧረ አራግፈው!" አልኩት። "አራግፈው፣ በማርያም!"

አጠፋው። ድንጋዩ ቸኩሎ አያውቅም። እያጉረመረመ፣ እየደከመው ይዞራል። ሁላችንም ቆመን እናያለን። አንዱ አዛጋ። ውቢት በሩን ተደግፋ ፋንታውን ትታ እኛን ታየናለች። በመጨረሻ ቆመ። ፋንታው ወዲያው አልከተተም፤ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ከዚያ መዝጊያዋን ከፍቶ፣ ጥግ ጥጉን ጠርጎ፣ ያገኘውን ማዳበሪያዬ ላይ አራገፈልኝ። ግማሽ እፍኝ አትሞላም።

"ይህችው ብቻ ናት?" አልኩት።

ፋንታው ሁለት እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። አሥር ጣቶቹን ዘርግቶ፣ ውስጡንም ጀርባውንም እያገላበጠ፣ ሰልፉ ሁሉ አይቶ እስኪጠግብ ድረስ ያዛቸው።