ለዓሣ መርዶ

ትሕትና ዱባይ ስትሄድ ለእናቷ ለጌታነሽ አንዲት ትንሽ ዓሣ ትታላት ሄደች። አውራ ጣት የምታህል የባሕር ዓሣ ናት፤ ብርቱካንማ፣ ሦስት ቦታ ነጭ መቀነት የታጠቀች። ልጅቷ አዲስ አበባ የጌጥ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ስትሠራ ቆይታ፣ ሱቁ ሲዘጋ ያቺን አንዷን ከነመስታወት ሳጥኗ መሐል ሜዳ ድረስ ተሸክማ መጣች። "ሙቅ ባሕር ነው አገሯ፣ እማዬ። ማሞቂያው እንዳይጠፋባት" ብላ አደራ ሰጠች።

በመንዝ ብርድ አደራው ቀላል አልነበረም። ጌታነሽ ግን ስምንት ወር አቆየቻት። ከጎልማሶች ትምህርት ስትመለስ ሳጥኑ አጠገብ ቁጭ ብላ የተማረችውን ታነብላታለች። ባሏ ወልደ አማኑኤል "ከኔ ይልቅ እሷን ታጫውቻለሽ" እያለ ይስቅባት ነበር። ትሕትናም ስትደውል ከሰላምታ ቀጥላ የምትጠይቀው "በላች?" ብላ ነው።

ወልደ አማኑኤል ለእህቱ ልጅ ሠርግ ወደ ዓለም ከተማ በወረደ ማግስት መብራት ጠፋ። ሁለት ቀን አልመጣም። ጌታነሽ ሳጥኑን በወፍራም የሱፍ ባና ጠቀለለችው፤ የፍም ምድጃም አስጠጋችለት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባናውን ስትገልጠው ዓሣዋ በጎኗ ተንሳፍፋለች። መብራቱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው።

ትሕትና ስትደውል አልነገረቻትም። መርዶ ለብቸኛ ሰው አይነገርም፤ የሚይዝና የሚያባብል አጠገቡ ሊኖር ይገባል።

"በላች?"

"በልታለች። አጠገብሽ ሰው አለ?"

"የለም። ምነው?"

"እንዲያው ነው።"

በማግስቱም ጌታነሽ አጠገቧ ሰው እንዳለ ጠየቀቻት። "አባዬስ?" ስትላት "ሠርግ ወርዷል፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም" አለቻት። በሦስተኛው ቀን መልእክት ገባ። ጌታነሽ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፦ "እማዬ አትደብቂኝ። አባዬ ካረፈ ስንት ቀኑ ነው? ሥራውን ትቼ ልመጣ ነው።"

ልጅቷ ውሏን ጥላ ከወጣች የስምንት ወር ልፋቷ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ፊት ለፊት የሚያሳየውን ጥሪ ደወለችላት።

"አባትሽ ደህና ነው። የሞተችው ዓሣዋ ናት።"

"እኔ እኮ ልጅ አይደለሁም፣ እማዬ። የዓሣ ሞት ማን ይደብቃል?"

ጌታነሽ ስልኩን ወደ ባዶው ሳጥን አዞረችው።

"እስቲ ማዪ" አለች ትሕትና።

"ማርያምን።" ጌታነሽ ከዚያ በፊት ለመሐላ አፏን ከፍታ አታውቅም።

ትሕትና ሳቀች። ስትስቅ፣ ስትስቅ ቆይታ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረባት።

"ብርድ ነው?"

"ብርድ ነው። ባና አልብሼያት ነበር።"

"ታዲያ ምን ታደርጊ።"

ልቅሶው ግን አልቆመም። ጌታነሽ ልጇን የሚይዝላት ሰው ፍለጋ ከትሕትና ኋላ ያለውን ክፍል በዓይኗ ቃኘችው። የልብስ ቁልልና ካውያ ብቻ ነው ያለው። ከወዲያ አንዲት ሴት ተጣራች። ትሕትና ፊቷን በክንዷ ጠርጋ በአረብኛ መለሰችላት፤ ስልኩም ተዘጋ።

ጌታነሽ "እግዜር ያጽናሽ" ልትላት ነበር። ለዓሣ ይባል አይባል እንደሆነ ስታመነታ፣ ሳትለው ቀረች።