የሸኮው መፈልፈያ የነደደ ዕለት

አስረስ መዶሻውን ያነሳው ሰው ሊመታበት እንዳልነበር ለማንም ይምላል። ይማላ! ሰውም መታ፣ ማሽንም ሰበረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኑሮው የከበደበት ዓመት ነበር፤ ባንኩም ለቡና ነጋዴ ብድር ዘግቶ ከርሟል። ብድር ካላገኘ የቡና መፈልፈያ ማሽን ያለው የሸኮው ነጋዴ ሻሚል እሸት ቡና አይገዛም። እሸት ቡና ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል። ገበሬው አስረስ የመጀመሪያውን ለቀማ እንዲሁ ደፍቶታል። ይህኛውም ከተበላሸ ቤተሰቡ ዓመቱን የሚበላው የለውም።

ስለዚህ ባንኩ፣ ነጋዴውና ገበሬው መፈልፈያው ግቢ ውስጥ በአገር ሽማግሌዎች ፊት ሊመካከሩ ተቃጠሩ። ገበሬው እንዲናገርለት አስረስን መረጠ። ጠዋት ሁሉም ጆንያውን ይዞ መጣ፤ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ይትባረክ ግን የለም። ሽማግሌዎቹን አሳፍሮ ከሚዛን ሲመጣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ ነበር፣ ይህን ማን ይንገራቸው? ፀሐይዋ ከረረች፣ ቡናውም መሽተት ጀመረ።

በዚህ መሀል ሻሚል የመፈልፈያው ሞተር ሥር ገብቶ ቺንጋውን፣ ማዞሪያ ቀበቶውን፣ ሲፈታ አዩት።

"ምን እያደረግህ ነው?" አለ አስረስ።

"ትንሽ ታገስ፣ ጋሽ አስረስ። ሽማግሌዎቹ ይምጡና ትሰማላችሁ።"

"ሞተሩን ነቅለህ ልትሄድ ነው አይደል?"

"ይምጡ አልኩህ እኮ።"

"ሊያመልጥ ነው" አለች የአስረስ ጎረቤት በየነች፣ ግቢውም ተናጠ። አስረስ ከሻሚል መፍቻዎች መሀል መዶሻ አነሳ። ሻሚል ሞተሩን በሰውነቱ ከልሎ የአስረስን አንገት አነቀ። መዶሻው ወረደ። የሻሚል ክንድ ሲሰበር ሁሉም ሰማ። አስረስ እዚያ ላይ መቆም ነበረበት፣ መች ቆመና! ሞተሩን ደጋግሞ መታው፣ ሌሎቹ በድንጋይ አገዙት። ናፍጣው ፈሰሰ፣ አንዱ ክብሪት ጫረ። እሳቱ ሲንቦገቦግ አስረስ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ይትባረክ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲገባ ማሽኑ ገና ይጨሳል።

"ምን ጉድ ነው?" አለ። "ሻሚል፣ ብድሩ ተለቋል፣ ዛሬውኑ ትገዛለህ ብዬ ከመነሳቴ በፊት ደውዬልህ አልነበር?"

ሻሚል መሬት ላይ ተቀምጦ ክንዱን አቅፏል። "ሽማግሌ ሳይቀመጥ እንዳትናገር ያሉኝ እርስዎ ነዎት። እኔም ነውር ነው ብዬ አፌን ያዝኩ። ቺንጋው ስላረጀ ለሥራ እየቀየርኩት ነበር።"

ይትባረክ የተቃጠለውን ብረት ዞሮ አየ። "የብድሩ መያዣ እኮ ይህ ማሽን ነው። አሁን በምን ላበድርህ?"

አስረስ መዶሻውን ጣለ።

"ማን ስበር አለህ?" አለች በየነች።

የመጀመሪያው ድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው። ከኋላው ሌላ መጣ፤ ወርዋሪዎቹ ሞተሩን አብረውት የሰበሩት ነበሩ። አስረስ ተንበረከከ እንጂ እጁን አላነሳም። ከዚያ ሁሉ ሰው "ተዉት" ያለው ሻሚል ብቻ ነበር። ማንም አልሰማውም።