ሁለቴ ያረፉት ወይዘሮ የሻረግ

ከሰንጋ ተራ እስከ ተክለ ሃይማኖት እኔ ያልከፈትኩት ሬዲዮ፣ እኔ ያላስነሳሁት ቴሌቪዥን የለም። ጌጃ ሰፈር ያለችው ሱቄ ከውጭ ሲያዩዋት ሁለት በሦስት ናት፤ ከውስጥ ግን ፋብሪካ ናት። ጃፓኖች አንድ ቀን ጎራ ብለው ቢያዩኝ ኖሮ ፓስፖርቴን ራሳቸው ተሰልፈው ያወጡልኝ ነበር። ስሜ ፍሰሐ ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ አንድ፤ ሃምሳ አንድ ሞልቶት አርባ የሚመስል ሰው በልደታ ሌላ ካለ ይምጣና እንተያይ።

የማወራው ስለ እድራችን ነው። አባላቱ ሦስት መቶ አርባ ናቸው። በቃል ሳወራ አምስት መቶ እላለሁ፤ የተጻፈ ነገር ግን የሚያመሳክረው አይጠፋምና ሦስት መቶ አርባ ይሁን። ጥሩምባ ነፊያችን ጋሽ ገረሱ ይባላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ባረፈ ቁጥር ጥሩምባቸውን ይዘው ሰፈሩን ይዞራሉ፤ ስሙንና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋሉ። ከእድሩ ዕቃ ቤት ጀርባ ያለችው ክፍል የምትሰጠው ለጥሩምባ ነፊ ስለሆነ እሳቸውም፣ ልጃቸው ሴናም እዚያው ናቸው። ሥራው ከሄደ ክፍሏም ትሄዳለች ማለት ነው።

ችግሩ የመጣው የድሮው መንደር ፈርሶ ግማሾቻችን ኮንዶሚኒየም ስንገባ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱን ዘግቶ ኳስ ለሚያይ ሰው የምጽአት ጥሩምባም ቢነፋለት አይሰማም። አምና አንድ ሽማግሌ ሲቀበሩ የሚሸከም ትከሻ ጎድሎ አላፊ አግዳሚ ተለመነ። በስልክ ይሁን ተባለና የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። ግማሹ አባል ልጆቹ ካልከፈቱለት አያነብም፣ የቀረው የመልካም ቀን አበባ እየላከ መርዶውን ከታች ቀበረው።

ያኔ እኔ ተነሳሁ። ክብሪት ሳጥን የምታህል ዕቃ ሠራሁ፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የምትሰቀል፣ በሰዓት ባትሪ አንድ ዓመት የምትኖር። ከእድሩ ቢሮ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ በየቤቱ ትጮህና የሟቹን ስም በጣት በምታህል መስኮቷ ላይ ታሳያለች። ኮሚቴው ፊት ሳሳያት ሊቀመንበሩ አቶ ነገሪ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ከዚያ ይህቺ ዕቃ አንድ ቀብር በደንብ ካስጠራች በወሩ መጨረሻ ጋሽ ገረሱን በክብር እንሸኛቸዋለን አሉ። ጋሽ ገረሱ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር።

የተናገረችው ሴና ናት። ኤሌክትሮኒክስ ያጠናች ልጅ ናት፤ እኔ በአፍንጫዬ የማውቀውን እሷ በወረቀት ተምራዋለች። ዕቃዋን አገላብጣ አየችና ይህቺ መርዶውን የላከላት ማን እንደሆነ በምን ታውቃለች ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው አላስጨነቀኝም፣ ሳቅኩ። በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ እያለ ሴና ከቦርሳዋ አንድ ሽቦ የተንጠለጠለበት ነገር አወጣች። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሳጥኔ ጮኸች። መስኮቷ ላይ የተጻፈውን አቶ ነገሪ ጮክ ብለው አነበቡት።

“አቶ ፍሰሐ አርፈዋል። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት።”

ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። የራሱን መርዶ ቁጭ ብሎ የሰማ፣ ለመዘጋጀትም አንድ ሰዓት ተኩል የተሰጠው ሰው በኢትዮጵያ ታሪክ እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

ስለዚህ ምስጠራ፣ መልእክቱን በምስጢር ቁጥር መቆለፍ ማለት ነው፣ ያስፈልጋል ተባለ። እኔ በትንሽ ነገር አልጫወትም፤ ባንኮች የሚጠቀሙበትን ትልቁን አምጥቼ ጫንኩባት። ሳጥኗ አንድ ስም ለማንበብ እንደ ሽማግሌ ስታቃስት ቆየች፤ ባትሪዋም በአራተኛው ቀን አለቀ። የሲኖትራክ ሞተር ባጃጅ ላይ መጫን ነበር። ሴና ለእንዲህ ዓይነት ድሃ ዕቃዎች ተብሎ የተሠራ ቀለል ያለ ምስጠራ እንዳለ ነገረችኝ። ትንሽ ቁጥር ይወስድና እያገላበጠ፣ እያማሰለ፣ ደጋግሞ ያዞረዋል፤ ቦታ አይፈልግም፣ ባትሪም አይበላም። በእሱ እያንዳንዱ መርዶ ማኅተም ይመታበታል። ሳጥኗ ምስጢራዊውን ቁጥር ስለምታውቅ ማኅተሙን ታመሳክራለች፤ ካልገጠመ ዝም ትላለች። ሁለት ቀን ሙሉ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ሠራችው። እኔም ሻይ በማዘዝ ከፍተኛውን ድርሻ ተወጣሁ።

የአባቷን ክፍል የምታስወስደውን ዕቃ ስለምን ታስተካክላለች ብዬ ጠይቄያት ነበር። “ሰው ካልሰማ የአባቴም ሥራ ሥራ አይደለም ጋሼ” አለችኝና ሽቦዋን መበየድ ቀጠለች።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተጣላን። መርዶው ሁሉ ተራ ቁጥር ይኑረው፣ ሳጥኗም የመጨረሻውን ቁጥር ታስታውስ፣ ያለፈውን ቁጥር ይዞ የመጣውን አትቀበል አለች። እኔ ባትሪ ማባከን ነው አልኳት። “ሰው የሚሞተው አንዴ ነው፤ ቁጥር ምን ያደርግለታል?” አልኩ፣ ኮሚቴውም ሳቀልኝ። ቁጥሩ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ የሻረግ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ሳጥኖቹ ጮኹ። ሰው ከየፎቁ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሌላ ተተከለ። ባለቤታቸው አቶ አምሳሉ እንባቸውን እየጠረጉ እጄን ጨበጡኝ። አቶ ነገሪም ጋሽ ገረሱን የምንሸኝበትን ስብሰባ ለወሩ የመጨረሻ እሁድ ጠሩ።

ከቀብሩ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ መብራት አልጠፋም፤ ይህም በራሱ የሚመዘገብ ነው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት ጠፍቶ ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። ወዲያው በሦስት ሕንፃ ያሉት ሳጥኖች ሁሉ ጮኹ፤ ወይዘሮ የሻረግ አርፈዋል፣ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት።

የሚያነብ ሁሉ አስተውሎ አያነብም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ወረዱ። አቶ አምሳሉ ሽሯቸውን ይበሉ ነበር። ሰው እያለቀሰ ሲገባባቸው ጉርሻቸውን አስቀምጠው አብረው ማልቀስ ጀመሩ። ከብዙ ልቅሶ በኋላ ነው አጠገባቸው ያለችውን ሴት ቀስ ብለው “ደግሞ ማን ሞተብኝ?” ያሏት።

እሁድ አዳራሹ ሞላ። አቶ ነገሪ ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት፤ ዕቃው እንዳይሠራ የሚፈልግ አንድ ሰው አለ፣ ልጁም ዘዴውን ታውቃለች፣ ስለዚህ ሽኝቱ ወደ ማባረር ተለውጧል አሉ። ሴና ተነስታ ማኅተሙ ትክክለኛ መሆኑን፣ ማንም እንዳልፈጠረው፣ ያው የድሮው መርዶ ዳግመኛ እንደተላከ ለማስረዳት ሞከረች። ማኅተም ያለውን ደብዳቤ ለመድገም ማንበብ አያስፈልግም፣ መልሶ መላክ ብቻ ይበቃል አለች። አሮጌ መሆኑን የሚያሳውቀው ቁጥሩ ነበር። ማን ይስማት።

እኔ ግን ሰምቻታለሁ። የጮኹት የሦስቱ ሕንፃ ሳጥኖች ብቻ መሆናቸውን ከማክሰኞ ጀምሮ አውቄዋለሁ። እነዚያ ሕንፃዎች ለቢሮው ስለሚርቁ ጣሪያ ላይ አንድ አሻጋሪ ሰቅዬ ነበር፣ መርዶ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ። መብራት በመሃል ቢጠፋ መርዶ እንዳይቀር ብዬ የመጨረሻውን እንዲይዝና መብራት ሲመጣ እንዲልከው አድርጌዋለሁ። ለማንም ሳልናገር፣ በራሴ ጥበብ። አምስት ቀን ይህን ይዤ ዞርኩ፤ እንደዚያ ሰሞን ዝም ብዬ አላውቅም፣ ባለቤቴ ሐኪም ቤት እንሂድ ብላኝ ነበር።

ጋሽ ገረሱ ተነሱ። ጥሩምባቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል፤ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

“ክፍሏን እለቃለሁ” አሉ። “ግን ይህ ይታወቅልኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ቤቱ ገብቼ በዓይኔ ሳላይ አንድም ሰው ሞተ ብዬ ነፍቼ አላውቅም። በሞት የምቀልድ ሰው አይደለሁም።”

እግሮቼ ሳላዝዛቸው አቆሙኝ። አሻጋሪውን ተናገርኩ፣ የቁጥሩንም ነገር ተናገርኩ፣ ሴና ስትለምነኝ እንደሳቅኩም ጭምር። “ይህን የሚያህል ስህተት በዚህ ሰፈር ከእኔ በቀር ማንም አይችለውም” አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ሦስት ሕንፃ ሙሉ ሰው ለአንዲት ሬሳ ሁለቴ ያስለቀሰ ባለሙያ አምጡ። ከኋላ አቶ አምሳሉ ናቸው የጀመሩት፤ ሳቃቸው እንባ ቀላቅሎ ወጣ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተላቸው።

ሴና ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ቁጥሩን ዛሬውኑ መጨመር እንደሚቻል፣ የሚወስደውም ከአንድ ስም ያነሰ ቦታ እንደሆነ ነገረቻቸው። ቀጥላም “ሳጥኗ ማን እንዳተመው ታውቃለች። ሰውየው መሞቱን ግን አታውቅም። እሱን ሄዶ የሚያይ ያስፈልጋል” አለች።

አቶ ነገሪ ደግመው መነጽራቸውን ጠረጉ። መርዶ ለመላክ የሚጫኑት ቁልፍ ከቢሮው ተነቅሎ ለጋሽ ገረሱ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ መጀመሪያ ሟቹ ቤት ሄደው ያያሉ፣ ከዚያ ይጫናሉ። ክፍሏም የእሳቸው እንደሆነች ትቆያለች።

ሐሙስ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሱቄ ውስጥ ሳጥኗን አፍጥጬ አየኋት። አሻጋሪው የላከባትን አሮጌ ቁጥር አይታ አንዴ ብልጭ አለችና ተኛች። ጋሽ ገረሱ ቁልፏን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ደጃፌ ቆመው ነበር፤ ይህን ድንቅ ሥራ ከሴና ጋር እኩል እንደሠራሁት ለሰፈሩ እንዲነግሩልኝ ጠየቅኳቸው።

“እነግርልሃለሁ” አሉኝ። “አንተ ስትሞት ግን ሁለት ጊዜ መጥቼ ነው የማይህ። አንተን በአንዴ ማመን አይቻልም።”