ሳይፈተን ያለፈው ላፕቶፕ

መምህርት የወርቅውሃ በአሶሳ ከተማ ዳር ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረች ብዙ ዘመኗ ነው። ወላጆቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት መካከል ነበሩ፤ እሷ ግን የተወለደችው እዚሁ ነው። ከሰፈሩ ልጆች ቀድማ መምህር የሆነችው እሷ ስለነበረች፣ አባቷ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ "የኔ ልጅ የማታውቀው የለም" ይሉ ነበር። ቃሉ በቀልድ ተጀምሮ እያደር ቀንበር ሆነባት። ክፍል ውስጥ ቆማ "አላውቅም" ስትል የሰማ ተማሪ የለም።

በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ርእሰ መምህሩ ስለሺ ቢሮው አስጠራትና ግድግዳ ሥር የተደረደሩ ካርቶኖች አሳያት።

"ለተማሪ የሚሆን ላፕቶፕ ነው አሉ፤ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ግን ቻይ የሆነ። በብዛት ከመገዛቱ በፊት እንደኛ ባለ አቧራና ሙቀት ባለበት አገር ይሞከር ብለው ነው የላኩት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎቹ ይሥሩበትና ምኑ ደግ ምኑ ክፉ እንደሆነ ትነግሪያቸዋለሽ።"

"እኔ? የኮምፒውተር መምህር ሥራ አይደለም እንዴ?"

"ረጋሳ ወደ ባምባሲ ከተዛወረ ወዲህ ማን ተተካልን? ደሞ ንብረት ነው። ካንቺ እጅ አይጠፋም።"

እውነቱን መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነበር። የወርቅውሃ የፈተና ጥያቄዎቿን እንኳ በእጇ ጽፋ ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር የምታስተይበው። ከስልኳ በቀር ነክታ የምታውቀው ነገር የለም። ነገር ግን ስለሺ እንደ ቀላል ነገር አድርጎ ነው የተናገረው፤ በሩ ላይ ደግሞ በዕድሜ የሚያንሷት መምህራን ቆመው ይሰሙ ነበር። "እሺ" አለችና ካርቶኖቹን ተረከበች።

ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ አንዱን አወጣች። ትንሽ፣ ወፈር ያለ፣ ዙሪያው በጎማ የተለበጠ፣ እንደ ምሳ ዕቃ መያዣ ያለው ነገር ነበር። ከፈተችው፤ በራላት። ደስ አላት። ፊደል ፈልጋ ስሟን ልትጽፍ ስትሞክር ግን ምኑን ከምኑ ጋር አብራ እንደነካች ሳታውቅ በስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ተገለበጠና ቁልቁል ተዘቀዘቀ። ያገኘችውን ሁሉ ተጫነች፤ አልመለስ አለ። ላፕቶፑን እንደ መጽሐፍ አዙራ አነበበችው። በኋላ ዘግታ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችውና ቁም ሳጥኑን ቆለፈች። ማንም ሳያያት ፊቷ ጋለ።

ለመጀመሪያው ትምህርት ተማሪዎቹ በደስታ ተጋፍተው ገቡ። የዚያ ዓመት ብሔራዊ ፈተና ለእነሱ በኮምፒውተር እንደሚሰጥ ከተነገራቸው ወዲህ እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ አብዛኞቹ ኮምፒውተር ያዩት ከባንክ ቤት መስተዋት ማዶ ነው። የወርቅውሃ ላፕቶፖቹን ፊት ለፊት ደርድራ ስለ ንብረት አያያዝ ማስተማር ጀመረች። እጅ ስለ መታጠብ፣ ስለ አቧራ፣ ሻይ ይዞ ስላለመቅረብ ተናገረች። ደወሉ ተደወለ። በቀጣዩ ትምህርት መብራት የለም አለች። ባትሪ እንዳለው የሚያውቅ ቢኖርም ዝም አለ።

ዐወድ የሚባል ልጅ ግን ትዕግሥቱ አለቀ። ዐወድ በሆሞሻ መንገድ ካለ የበርታ ብሔረሰብ ቀበሌ የመጣ፣ አጎቱ ቤት ተጠግቶ የሚማር ረጋ ያለ ልጅ ነው። አማርኛ የተማረው ትምህርት ቤት ስለሆነ ወንድና ሴት ይቀላቀሉበታል፤ የወርቅውሃንም "አንተ" ነው የሚላት። እሷም ለምዳዋለች። ያን ቀን እጁን ሰደደና የአንዱን ላፕቶፕ ክዳን በጣቱ ገለጥ አደረገው፤ በራ።

"ማን ንካ አለህ?"

"ምን እንደሆነ ላየው ብዬ ነው፣ ቲቸር።"

"ያባትህ ቤት ዕቃ መሰለህ? ውጣ!"

ዐወድ ወጣ። ከውጭ በመስኮቱ በኩል ቆሞ አየ፤ የሚያየው ግን አልነበረም። ከፊት የተቀመጠችው ስርጉት፣ የአክስቷ ልጅ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለሚሠራ ጥቂት የምታውቅ ልጅ፣ ዐወድ የገለጠው ላፕቶፕ ላይ ሁሉ ነገር ተዘቅዝቆ አይታ ቀስ ብላ፣ "ቲቸር፣ ላስተካክልልዎት? ቀላል ነው" አለቻት።

የወርቅውሃ ዓይኗን አፈጠጠችባት። "ማን ጠየቀሽ?"

ስርጉት አንገቷን ደፋች። መምህርቷ እንደማታውቅ በዚያች ቅጽበት ስርጉት ገባት፤ እንደገባትም የወርቅውሃ አወቀች። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፖቹ ከቁም ሳጥን አልወጡም።

ላፕቶፖቹን በላኩት በኩል ሙከራውን የምታስተባብረው ሐኒ የምትባል ወጣት ነበረች። ከአዲስ አበባ ትደውልና ትጠይቃለች።

"ልጆቹ እንዴት ናቸው? ለመዱት?"

"ወደውታል" ትላለች የወርቅውሃ።

"ወድቆባቸው ያውቃል? ጎማው ይጠብቀው እንደሆነ ለማየት ነው።"

"ወድቆ ነበር። ምንም አልሆነም።"

"ሙቀቱስ?"

"ችሎታል፤ ጠንካራ ነው።"

"በጣም ጥሩ። እርስዎ ባይኖሩ ምን እንሆን ነበር!"

ስልኩን ትዘጋለች። ነገ አወጣዋለሁ ትላለች። ነገ ሲመጣ ግን የስርጉት ዓይን ይታያታል፤ የሃያ ዓመት መምህርት በተማሪዋ ፊት ፊደል ስትፈልግ ይታያታል። ሳምንታት በዚህ ሁኔታ አለፉ።

ግንቦት ውስጥ ሐኒ ራሷ መጣች። የወርቅውሃ የእንግዳዋን መምጣት የሰማችው በዋዜማው ነው። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ገብታ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። የላፕቶፖቹ ስክሪን ላይ አዲስ ዕቃ የሚለብሰው ስስ ላስቲክ ገና አልተነሣም ነበር። አንድ በአንድ ላጠችው። ከዚያም ቆማ አየቻቸውና በጣም አዲስ መሰሏት። ግቢው ውስጥ ወጥታ ከማንጎው ሥር መዳፏን በቀዩ አፈር አሸት አድርጋ ተመለሰችና ጎማቸውን ዳበሰችው፤ የተሠራባቸው እንዲመስሉ። ይህን ስታደርግ ከሰው ቤት ዕቃ የምትሰርቅ ሰው መሰላት እንጂ መምህር አልመሰላትም። ላስቲኮቹን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሐኒ ከስለሺ ጋር ገባችና ተማሪዎቹን ሰላም አለች። "እኔ የመጣሁት ከእናንተ ልሰማ ነው" አለች። "እውነቱን ንገሩኝ፤ መጥፎ ነው ብትሉም ደስ ይለኛል። በሳምንት ስንት ጊዜ ትሠሩበታላችሁ?"

የወርቅውሃ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆማ ጠመኔ በእጇ ይዛ ነበር። አሁን አለቀ ብላ አሰበች። እንዲያውም ይለቅ አለች በልቧ።

ከኋላ ዐወድ ተነሣ።

"ሁልጊዜ ነው የምንሠራ። ቲቸር ራሱ ነው ያሳየን። ሲከፈት እንዴት ነው፣ ሲዘጋ እንዴት ነው፣ ሁሉን አሳይቶናል።"

"የከበደህ ነገርስ?"

"መጀመሪያ ትንሽ። አሁን የለም።"

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ማንም ማንን አላየም። ሐኒ ፈገግ አለችና፣ "እስቲ አንዳችሁ ከፍታችሁ ስማችሁን ጻፉልኝ" አለች። ዐወድ ባለበት ደረቀ። ስርጉት ሳትጠራ ወጣች፤ ካሉት ሁሉ መርጣ ያንን የተገለበጠውን አነሣች፣ ጀርባዋን ለእንግዳዋ ሰጥታ አንድ ነገር ነካ ነካ አደረገች፣ ከዚያ ወደ ሐኒ አዞረችው። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስሟን ጻፈችበት። ሐኒ ፎቶ አነሣች። ስለሺ በኩራት የወርቅውሃን አያት።

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ተማሪዎቹ እንደ ሌላው ቀን መጽሐፋቸውን ሰብስበው መውጣት ጀመሩ። ያሾፈ የለም፤ የተጠቃቀሰም የለም። ቢስቁባት ኖሮ ይሻላት ነበር። ዐወድን ጠርታ አስቀረችው።

"ለምን ዋሸህ?"

ልጁ እግሩን እያየ መለሰ። "እኛ አገር፣ ቲቸር፣ መምህር በእንግዳ ፊት አይዋረድም። ዐይብ ነው፤ ነውር። ለአንተም፣ ለእኛም።"

"ከክፍል አስወጥቼህ ነበር እኮ።"

"እሱ የቤት ጉዳይ ነው።" ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ በዓይኑ ቂም አልነበረበትም። "ግን ፈተናው ሲመጣ እንዴት እናደርጋለን? እኔ አሁንም አላውቀውም። ስርጉት ብቻ ነው የሚያውቅ።"

የወርቅውሃ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ በእጇ አገላበጠች። ልጁ መጽሐፉን አነሣና "ደህና ዋል፣ ቲቸር" ብሎ ወጣ።

የወርቅውሃ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ውርደት የምትፈራው ነገር ሆኖ ኖሯል፤ ከእሷ ያነሱ ናቸው ብላ ያሰበቻቸው ልጆች የራሳቸውን ፈተና ጥለው ሊሸፍኑላት እንደሚችሉ ግን አስባ አታውቅም። ያዘነችው ስለ ውሸቱ ብቻ አልነበረም። እነሱ የሷን ክብር ሲያስቡ እሷ የእነሱን አንድም ቀን አላሰበችም።

ወጥታ ባጃጅ ያዘች። ሐኒ ያረፈችበት ሆቴል ግቢ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ቀዝቃዛ ከርከዴ እየጠጣች ስልኳ ላይ ትጽፍ ነበር። ስታያት ብድግ አለች።

"ውይ፣ እርስዎ ነዎት! ይቀመጡ። ነገ ጠዋት ነው በረራዬ፣ ባይመጡ ኖሮ ሳልሰናበትዎት ልሄድ ነበር።"

"ቆሜ ልናገር" አለች የወርቅውሃ። "ከተቀመጥኩ የምተወው ይመስለኛል።" ከዚያ ነገረቻት። ላፕቶፖቹ ከቁም ሳጥን እንዳልወጡ፣ በስልክ ያለችው ሁሉ ፈጠራ እንደሆነ፣ ልጆቹ እሷን ለማዳን እንደዋሹ፣ ጠዋት ጎማዎቹን በአፈር እንዳሸች ሳይቀር።

የሐኒ ፊት ቀስ በቀስ ሲለወጥ የወርቅውሃ አየች፤ ሐኒ ንዴቷን አልሸሸገችም።

"እኔ የእርስዎን ቃል ይዤ በስብሰባ ላይ ተናግሬያለሁ" አለች። "የአሶሳዋ መምህርት እንዲህ አሉ ብዬ። በዚያ ቃል ሊገዛ ነበር። ለማንኩሽ፣ ለማንቡክ ትምህርት ቤቶች፣ ለስንቱ ልጅ። ቢበላሽባቸውስ?"

"አውቃለሁ።"

"አላውቅም ቢሉኝ ሰው እልክ ነበር። አንድ ቃል ነበር እኮ።"

"ያቺን ቃል ነው ያጣኋት" አለች የወርቅውሃ።

ሐኒ አላጽናናቻትም። "ለርእሰ መምህሩ መንገር አለብኝ" አለች።

"እኔ ልንገረው። አንቺ ባለሽበት።"

በማግስቱ ከበረራው በፊት የወርቅውሃ በስለሺ ቢሮ ቆማ ሐኒ ባለችበት ሁሉን ነገረችው። ስለሺ አልተቆጣም፤ መስኮቱን ብቻ እያየ፣ "እኔ ደሞ በስብሰባ ላይ ሌሎቹን መምህራን ባንቺ ሳሳፍር ነበር" አለ። ሐኒ ላፕቶፖቹን አልወሰደችም። ፈተናው እስኪደርስ ልጆቹ በእውነት ይሞክሯቸው፣ ስርጉት ታሳያቸው፣ ከእንግዲህም የማነጋግረው ተማሪዎቹን ነው አለች።

ተማሪዎቹ ፊት መቆሙ ከሁሉ የባሰ ሆነ። የወርቅውሃ ዝግጁ አድርጋው የመጣችው ንግግር ጠፋባትና፣ "እኔ ይህን ነገር አላውቀውም። ስላላወቅሁ ደበቅኩባችሁ" ብቻ አለች። ልጆቹ እንዳሰበችው አልተቀበሏትም፤ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። አንዷ ዴስክ ላይ ያለ ጭረት በጥፍሯ ትፍቅ ጀመር። የወርቅውሃ ከፊተኛው ወንበር ጫፍ ተቀመጠችና ስርጉትን፣ "ጀምሪ" አለቻት። ስርጉት ለረጅም ጊዜ መጀመር አቃታት።

ከዚያ ግን ሥራው ሥራ ሆነ። ከትምህርት በኋላ እየተቀመጡ፣ ለአንዱ ላፕቶፕ ብዙ ጣት እየተሻማ፣ እውነተኛው ሙከራ ተካሄደ። ላፕቶፑ ከዴስክ ወደ ሲሚንቶ ወለል ወደቀና ምንም አልሆነም። ማንጎው ሥር ሲያወጡት ግን በፀሐይ ስክሪኑ ላይ የራሳቸውን ፊት እንጂ ፊደሉን ማየት አልቻሉም። ጣት ሲያልበው ከፊደሎቹ በታች ያለው መዳሰሻ አይታዘዝም፤ ዐወድ እጁን በሱሪው እየጠረገ ነበር የሚሠራ። የቻርጀሩ ቀዳዳ የጎማ ክዳን ደግሞ በተደጋጋሚ ሲከፈት ተገንጥሎ ቀረ፤ ቀዩ አቧራም እዚያ ገባ። ይህን ሁሉ ለሐኒ የነገሯት ልጆቹ ናቸው። ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ ክዳኑን እንዲለውጥ እንደተጠየቀና ግዢው እስከዚያ እንደቆየ ቆይቶ ተሰማ። በየወርቅውሃ ቃል ቢሄድ ኖሮ ያ ክዳን በስንቱ ትምህርት ቤት ይገነጠል እንደነበር እሷ ታውቃለች።

ፊደል መልቀም ተማረች፤ ቀርፋፋ ናት። ስትሳሳት ከጎኗ ያለው ተማሪ እጁን ዘርግቶ ያስተካክልላትና ወደ ራሱ ሥራ ይመለሳል። እያንዳንዱ ጊዜ አንገቷ ሥር ሙቀት ይወጣታል። አልተወችም።

ተማሪዎቹ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚገቡበት ቀን ከሸኚዎቹ አንዷ ሆና ወጣች። ወላጆች ፍራሽና ባልዲ ተሸክመው መንገዱን ሞልተውታል። የዐወድ አጎት ረጅም ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ወደ እሷ መጡና እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አላህ ይስጥህ፣ መምህር" አሏት። "ልጁ እቤት ይነግረናል። ኮምፒውተር ያስተማረው አንተ ነው ይላል።"

የወርቅውሃ አፏን ከፈተች። ዐወድ ከአጎቱ ኋላ ፍራሹን እንደተሸከመ ቆሞ ያያት ነበር።

"አይ፣ አባቴ" አለች። "ያስተማረችው ስርጉት የምትባል ጓደኛው ናት። እኔ እንዲያውም አዘግይቼዋለሁ።"

ሽማግሌው ነገሩ በደንብ ያልገባቸው መሰሉ፤ እጇን ግን አልለቀቁም። ዐወድ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ። ሰልፉ ወደፊት ሄደ፤ እሷም ጆሮዋ ድረስ ቀልታ ከሰው መሃል ቆማ ቀረች።