ከጉርሜሳ በላይ ማን አለ?

"ቦጋለ ምትኩ፣ ምትኩ ነጋ፣ ነጋ…"

"ቆይ! ነጋ አሉ?" የሙሽራው የሚሳኤል አጎት አቶ ወጋየሁ እጃቸውን አነሱ። "የየት አገሩ ነጋ?"

"የተጉለቱ ነዋ!" ቦጋለ ደረቱን ነፋ።

ቦጋለ ነፋስ ስልክ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነው። ደንበኛ ወደደም ጠላም የአያቱን የነጋን ታሪክ ሳይሰማ ከወንበሩ አይነሳም። ምላጭ አንገቱ ላይ ሳለ ማን ይከራከራል! በተለይ ቅዳሜ ሱቁ ጢም ብሎ ስለሚሞላ፣ ቦጋለ ታሞም ቢሆን ዘግቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ያ ስም ጉድ አመጣ።

"የእኛ የሚሳኤል ቅድመ አያትም የተጉለቱ ነጋ ናቸው" አሉ አቶ ወጋየሁ። "ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም። እስኪጣራ ሠርጉ ይቆይ።"

ሠርጉ ለጥር 1989 ተቆርጦ ነበር። ሙሽራዋ ጸደንያ ጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ ለቅሶዋ ሳሎን ድረስ መጣ። ቦጋለ ያለችው አንድ ልጅ እሷ ናት።

ዘር ሊያስቆጥሩ የመጡት ሽማግሌዎች ሲሄዱ ሚስቱ ትሩፋት፣ "አባትህ እኮ ክርስትና የተነሳሁት እዚሁ ላፍቶ ነው ይሉ ነበር" አለችው። "የተጉለት ሰው ልጁን ክርስትና ለማስነሳት እዚህ ድረስ ምን አመጣው?"

ቦጋለ ሊቆጣ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እውነትም ምን አመጣው?

በማግስቱ ላፍቶ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አንድ ሽማግሌ ቄስ አቧራ የጠጣውን የክርስትና መዝገብ ሲያገላብጡ እሱ ከኋላቸው ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል።

"ይኸውልህ፣ ሕፃን ምትኩ። የክርስትና አባት፣ ነጋ ዘተጉለት።"

"የክርስትና አባት? ወላጅ አባቱስ?"

"ጉርሜሳ፣ የለቡ ሰው። አባቱ ስለሞተ ሕፃኑን ነጋ ያሳድገዋል ይላል።"

"ይቺ ታች ያለችው ለቡ?"

ቄሱ ሳቁ። "ሌላ ለቡ ታውቃለህ?"

"ታዲያ ልጆቹ መጋባት ይችላሉ?"

"ከነጋ በሥጋ አትገናኙም። የክርስትናውም ዝምድና ትውልዱ ርቋል፣ አያግድም። ለሽማግሌዎቹ እኔው እነግርልሃለሁ።"

ደስታና ኀፍረት ተደባለቁበት። ልጁ ልትዳር ነው፤ ግን ያ ሁሉ ፉከራ! ደንበኞቹ ሲሰሙ መሳቂያ ሊያደርጉት ነው። ይሁንና መንገዱን ሙሉ ያሰበው ስለ ጉርሜሳ ነበር። ረጅም ነበሩ? ከብት ነበራቸው? በምን ሞቱ? እንደ እሱ ወሬ ይወዱ ይሆን? ሳያውቀው ብቻውን ፈገግ አለ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ።

"የቄሱን ቃል ሰምተናል፤ ተመስገን ነው" አሉ አቶ ወጋየሁ። "እንግዲህ እንደገና ይቁጠሩልን።"

"ጸደንያ ቦጋለ፣ ቦጋለ ምትኩ፣ ምትኩ… ጉርሜሳ።" ቦጋለ ቆጠረ።

"ከጉርሜሳ በላይስ?"

ትሩፋት ጎኑን ጎሸም አድርጋ፣ "ሦስት ስም ጨምርና ሙላው፤ ማን ያውቃል!" አለችው በሹክሹክታ።

ሦስት ስም መፍጠር ለቦጋለ ምን ያቅተዋል? ቀና ሲል የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ የምታየውን ልጁን አየ።

"አላውቅም" አለ። "ቅዳሜ ግን ሱቄን ዘግቼ ለቡ እወርዳለሁ። ጉርሜሳን የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም። አቶ ወጋየሁ፣ እርስዎም አብረውኝ ይምጡ፤ ሲቆጥሩልን በጆሮዎ ይስሙ።"